ተካፋዮቹ፦ ጥምር መንግሥትና ሙስና በኬንያ

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2010 እሑድ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የኬንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ራይላ ኦዲንጋ በዚያ ቀን ሁለት ሚኒስትሮችን ለ3 ወር ከሥራ ማገዳቸውን አስታወቁ። አንደኛው የግብርና ሚኒስትሩ ዊልያም ሩቶ፣ ሁለተኛው የትምህርት ሚኒስትሩ ሳም ኦንገሪ ነበሩ። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ለክፉ ቀን የተከማቸ በቆሎ፣ በሁለተኛው ለነፃ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የተመደበ ገንዘብ ያላግባብ ወጥቷል ተብሎ አገር ይነጋገር ነበርና፣ ምርመራው እስኪያልቅ ሁለቱም ገለል ይበሉ ነው ነገሩ። ሰዓታት ሳይቆዩ ከፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ዘንድ መግለጫ ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትር የማገድ ሥልጣን የላቸውም፣ ሁለቱም በሥራቸው ይቀጥላሉ የሚል። ኦዲንጋ ጥምር መንግሥቱን ለሸመገሉት ለኮፊ አናን አቤት አሉ፤ የፓርቲያቸው ሚኒስትሮችም ካቢኔ አንሰበሰብም ብለው አኮረፉ። ሩቶና ኦንገሪ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

የኬንያን ጥምር መንግሥታት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚያ እሑድ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ሁለት ራስ ባለው መንግሥት ውስጥ ሾሞ መሻር የሚችለው ማነው? ለጥያቄው መልስ ባልተገኘ ቁጥር የተጠረጠረው ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ጥላ ሥር ይጠጋል። ይህም በ2010 ብቻ የታየ አይደለም። ከ2002 ወዲህ ኬንያን የገዟት መንግሥታት ሁሉ በስምም በመልክም ይለያዩ እንጂ ጥምረቶች ናቸው፤ ሁሉም ሙስናን እናጠፋለን ብለው ገብተዋል፤ ሁሉም በሙስና ክስ ተጨናንቀው ወጥተዋል ወይም እየተጨናነቁ ነው።

በሙስናው ጥምረትን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከኪባኪ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ አጋር ሳያስፈልጋቸው በካኑ ፓርቲ ሲገዙ ነው ጎልደንበርግ የተባለው ቅሌት የተፈጸመው። ነገሩ ሲነገር ተረት ይመስላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎልደንበርግ የሚባል ኩባንያ ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ እልካለሁ ብሎ ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ለላከው ሁሉ ከዋጋው 35 በመቶ ማበረታቻ ሊከፈለው። ኬንያ ወርቋ ጥቂት፣ አልማዝ ጭራሹን የሌላት አገር ናት። ዕቃው ሳይወጣ ማበረታቻው ወጣ። ጉዳዩን ለተቃዋሚ እንደራሴዎች ያደረሰው የማዕከላዊ ባንኩ ወጣት ሠራተኛ ዴቪድ ሙንያኬይ ታሰረ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በ2006 በድህነት ሞተ። የኩባንያው ባለቤት ካምሌሽ ፓትኒ በ2013 ከክሱ ነፃ ወጡ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ከዚምባብዌ በሚወጣ ወርቅ ሕገ ወጥ ንግድ ወንጅለው ማዕቀብ ጣሉባቸው። ውንጀላው እውነት ከሆነ፣ በኬንያ የታጣው ወርቅ በሌላ አገር ተገኝቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሙስናው ከጥምረቱ ይቀድማል። ጥምረቱ ያመጣው ለውጥ በጠባቂው ብዛት ላይ ነው። በሞይ ዘመን ሌባውን የሚያስጥለው አንድ ጌታ ነበር፤ ጌታው ፊቱን ያዞረበት ዕለት ሰውየው አበቃለት። በጥምር መንግሥት ግን እያንዳንዱ ተካፋይ የየራሱን ሰው ይጠብቃል፣ የሌላውንም ሰው አይነካም፤ ከነካ ሽርክናው ይፈርሳልና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የእኛን የድሮ ሹማምንት ብሂል ናይሮቢ ውስጥ የሚያስተረጉም ሰው ብዙ አይደክምም። እዚያ የተጨመረው ነገር ሹመቱ የጎሣ ድርሻ ሆኖ መቆጠሩ ነው፤ የሚበላው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ በላን የሚሉት ብዙ ናቸው።

ሞይ ሲሄዱ የመጣው የ2002ቱ ተስፋ ግን ትልቅ ነበር። የኪባኪና የኦዲንጋ ቡድኖች ናርክ በሚል ስም ተጣምረው የሞይን ዕጩ ኡሁሩ ኬንያታን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ኪባኪ በምርጫ ቅስቀሳው ሰሞን በመኪና አደጋ ተጎድተው ስለነበር ዲሴምበር 30 ቀን በኡሁሩ ፓርክ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው፤ በዚያ ንግግራቸውም ሙስና የኬንያ የኑሮ ዘይቤ መሆኑ እንዲያበቃ ቃል ገቡ። ሕዝቡ አመናቸው። በቀጣዮቹ ወራት የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ተሳፋሪዎች ከሾፌር ጉቦ የተቀበለ ትራፊክ ፖሊስን ከበው ገንዘቡን ያስመልሱ ጀመር። በጃንዋሪ 2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ልጆች ክፍል ገቡ። ከ7 ዓመት በኋላ ኦንገሪን ያስጠየቀው ገንዘብ የነዚህ ልጆች ነበር።

ናርክን ያስተሳሰረው የመግባቢያ ሰነድ የካቢኔው ወንበር እኩል ለእኩል እንደሚከፈልና ለኦዲንጋ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን እንደሚፈጠር ይገልጽ ነበር። አልተፈጸመም። ኪባኪ ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ በቅርባቸው ያለው ክበብ ጠበበ፣ የኦዲንጋ ሰዎችም በገዛ መንግሥታቸው ውስጥ ባይተዋር ሆኑ። በዚህ መሀል አንግሎ ሊዚንግ መጣ።

የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ለመግዛት አንድ የፈረንሳይ ድርጅት ወደ 6 ሚሊዮን ዩሮ ጠይቆ ነበር ተብሏል፤ ውሉ የተሰጠው ግን በ30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አንግሎ ሊዚንግ ለተባለ፣ አድራሻው ሊቨርፑል ላይ ከመጻፉ በቀር የሚጨበጥ ነገር ለሌለው ኩባንያ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ለፖሊስ፣ ለደኅንነትና ለመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች የተፈረሙ 18 ተመሳሳይ ውሎች ወጡ፤ ድምራቸው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ወሬው ሲሰማ ከተከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ማንም ሳይጠይቅ ወደ መንግሥት ካዝና ተመለሰ፤ ማን እንደመለሰው ግን ግልጽ አልነበረም። ሌባ ደረሰኝ ሳይቀበል ሲመልስ ማየት ብርቅ ነው።

ይህን የተከታተሉት የፕሬዚዳንቱ የሥነ ምግባር ጉዳዮች ቋሚ ጸሐፊ ጆን ጊቶንጎ ናቸው። ሚኒስትሮቹ የነገሯቸውን በድብቅ መቅረጫ እየቀረጹ ቆዩና በ2005 መጀመሪያ ለንደን ላይ ሆነው ሥራቸውን ለቀቁ። በጃንዋሪ 2006 ይፋ በሆነው ሰነዳቸው፣ ገንዘቡ ለቀጣዩ ምርጫ ማሟሟቂያ እንደሆነ ከባልደረቦቻቸው እንደተነገራቸው ጻፉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴቪድ ምዊራሪያና ቀደም ሲል የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ኪራይቱ ሙሩንጊ ጥፋት የለብንም እያሉ ከኃላፊነት ተነሡ። ሙሩንጊ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ካቢኔው ተመለሱ። የጊቶንጎ ሰነድ ልክ ከሆነ ነገሩ ከተራ ስርቆት ያልፋል፤ አጋሩን የከዳ ቡድን ያለ አጋሩ የሚቆምበትን ምርጫ በመንግሥት ገንዘብ ለመግዛት ያሰበበት ነው። የነዚያ ውሎች ጦስ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በ2014 ኬንያ በዓለም ገበያ የመጀመሪያውን ቦንድ ለመሸጥ ስትነሣ በውጭ ፍርድ ቤቶች ተረትታ ስለነበር፣ ለነዚያው ኩባንያዎች 1.4 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ለመክፈል ተገደደች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ፈጣን ነው። በኖቬምበር 2005 በሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የኦዲንጋ ወገን ብርቱካንን፣ የኪባኪ ወገን ሙዝን ምልክት አድርገው ተፋጠጡ፤ ብርቱካን አሸነፈ፤ ኪባኪ መላ ካቢኔያቸውን አሰናብተው ብርቱካኖቹን አስወጡ። የዲሴምበር 2007ቱ ምርጫ ውጤት ሲነገር ኪባኪ በዚያው ምሽት በቤተ መንግሥት ግቢ ተጣድፈው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አገሪቱ ተቀጣጠለች። በጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ኤልዶሬት አቅራቢያ ኪያምባ ላይ ሰዎች የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። በሁለት ወር ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ 600,000 ያህል ተፈናቀለ።

በኮፊ አናን ሸምጋይነት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 የተፈረመው ስምምነት ደሙን አቆመ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ጥምር መንግሥትን የሚተች ሁሉ የኪያምባን አመድ አስቦ ነው መተቸት ያለበት። ስምምነቱ ግን ዋጋው ከነደረሰኙ መጣ። በኤፕሪል የተሰየመው ካቢኔ 40 ሚኒስትሮችና ከ50 በላይ ምክትሎች ነበሩት። ፓርላማው 222 መቀመጫ ስለነበረው ከ5 እንደራሴ 2ቱ የመንግሥት ሹም ሆነ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ የነበሩ መሥሪያ ቤቶች ለሁለት ተቆረሱ፤ ሁለቱም ወገን የሚሾመው ሰው ነበረውና። ኬንያውያን መንግሥቱን «ኑሱ ምካቴ»፣ ግማሽ ዳቦ፣ ብለው ጠሩት። የክብር ጥያቄው ሳይቀር ለሁለት ይቆረስ ነበር፤ በ2009 ኦዲንጋ ለጉብኝት ሲወጡ ለፕሬዚዳንቱ የሚነጠፈው ዓይነት ቀይ ምንጣፍና የሚዘጋጀው መጸዳጃ ለእሳቸው አልተዘጋጀም ብለው በአደባባይ አማረሩ። አገሩ ሳቀ። በዚያው ዓመት ግን 10 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የምግብ እጥረት እንዳንዣበበበት መንግሥት ራሱ ተናግሮ ነበር።

የበቆሎው ጉዳይ አሠራር በቅርብ ቢታይ ብዙ ያስተምራል። ድርቅ ሲገባ መንግሥት በእህልና ምርት ቦርዱ በኩል ከመጠባበቂያው በቆሎ አውጥቶ በድጎማ ዋጋ ለወፍጮ ባለቤቶች እንዲሸጥ ወሰነ፤ ኡንጋ፣ ማለትም የበቆሎ ዱቄቱ፣ በድሀው አቅም እንዲቆይ ነው። በቆሎውን የሚያስገኘው የድልድል ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ካገኙት መካከል ወፍጮ ኖሯቸው የማያውቁ፣ ቢሯቸው ቦርሳቸው የሆነ ድርጅቶች ተገኙ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ኬሻ ሳያነሣ፣ ጭነት መኪና ሳይከራይ፣ ወረቀቱን ለእውነተኛው ወፍጮ ባለቤት ትርፍ ጨምሮ ይሸጣል። ትርፉ በዱቄቱ ላይ ይደመራል፤ ድጎማው ለድሀው መድረሱ ቀርቶ በመንገድ ላይ ያልቃል። ወረቀቱን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ደግሞ ከማንኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቅ ሹም ነው። ሩቶ ክሱን ሁሌም ያስተባብሉ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2009 ፓርላማ የቀረበባቸውን የእምነት ማጣት ድምፅም አልፈውታል፤ ፍርድ ቤትም በዚህ አልፈረደባቸውም። የትምህርቱን ገንዘብ ዕጣ በተመለከተ ግን እንግሊዝና አሜሪካ የሚሰጡትን ርዳታ አቋረጡ፤ ይህም ከካቢኔው ውሳኔ ሁሉ ፈጥኖ የተወሰደ እርምጃ ነበር።

ይኸው የተንኮታኮተ ጥምረት ነው የኬንያን የ2010 ሕገ መንግሥት ያዋለደው፤ ኦገስት 4 ቀን ሕዝቡ 67 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ሰነዱ የግማሽ ዳቦውን በሽታ አጥንቶ የተጻፈ ይመስላል። የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣኑ ቀረ። ሚኒስትሮች ከ14 አያንሱም፣ ከ22 አይበልጡም፣ እንደራሴም አይሆኑም። 47 ካውንቲዎች የየራሳቸው በጀት አገኙ። ለሹማምንት ሥነ ምግባር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተጻፈ፣ ፍርድ ቤቱ ከፕሬዚዳንቱ እጅ ወጣ። ፕሬዚዳንት ለመሆንም ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ ሆነ።

ችግሩ እዚህ መጨረሻው ላይ ተደበቀ። በኬንያ ማንም ጎሣ ብቻውን ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚለው ሕግ ፖለቲከኞችን ከምርጫ በፊት እንዲጣመሩ አስገደዳቸው። በ2008 ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በዓለም ዓይን ፊት፣ በሸምጋይ የተካሄደው ድርድር አሁን ከምርጫው በፊት በሆቴል ክፍል ውስጥ ይካሄዳል። በ2013 ኡሁሩ ኬንያታና ሩቶ ተጣምረው 50.07 በመቶ በሆነ ድምፅ ሲያሸንፉ ሁለቱም በዓለም አቀፉ ወንጀል ፍርድ ቤት የተከሰሱ ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ባላንጣ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ሹመቱን በየፓርቲያቸው እኩል ተካፈሉት። (ክሶቹ በ2014 እና በ2016 ተቋርጠዋል።) ከዚያ በኋላ የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት ገንዘብ ተመዘበረ ተባለ፣ የአሮርና የኪምዋሬር ግድቦች ውል ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በኮቪድ ሰሞን የመድኃኒት አቅራቢው ድርጅት ግዢ ሌላ ጩኸት አስነሣ። የግድቦቹን ክስ ፍርድ ቤት በ2023 ዘግቶ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩትን ሄንሪ ሮቲችን በነፃ አሰናበተ። ኬንያታ በጃንዋሪ 2021 በሬዲዮ ቀርበው በአገሪቱ በቀን 2 ቢሊዮን ሽልንግ እንደሚሰረቅ ተናገሩ። የሚናገሩት የተቃዋሚ መሪ ሆነው አልነበረም፤ 8ኛ ዓመታቸውን የያዙ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ተቃዋሚም አልነበረም። ማርች 9 ቀን 2018 ኬንያታና ኦዲንጋ በሐራምቤ ሀውስ ደጃፍ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሽሮ፣ ኦዲንጋ ድጋሚውን ምርጫ ረግጠው፣ በጃንዋሪ ራሳቸውን «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ብለው ቃለ መሐላ ካስፈጸሙ በኋላ። ጎዳናው ሰላም ሆነ። ፓርላማ ውስጥ ግን መንግሥትን የሚጠይቅ ወንበር ባዶ ቀረ፤ ጩኸቱን የተረከቡት ከመንግሥት ውስጥ የተገፉት ምክትል ፕሬዚዳንት ሩቶ ናቸው። እኔ ከኑሮው ታጋይ ከ«ሐስለሩ» ጋር ነኝ፣ ግማሽ ዳቦ አልጋራም፣ እጅ መጨባበጥም የለም እያሉ ቀሰቀሱና በ2022 ኦዲንጋን 50.49 ለ48.85 በሆነ ጠባብ ልዩነት አሸነፏቸው።

የሩቶ ጥምረት ከቀደሙት አንድ ነገር አሻሽሏል፤ ክፍፍሉን በወረቀት አስፍሮታል። ለሙሳሊያ ሙዳቫዲና ለሞሰስ ዌታንጉላ ፓርቲዎች የመንግሥቱ ድርሻ 30 በመቶ እንዲሆን የተፈረመው ውል በይፋ ታወቀ። አንደኛው ከፍተኛው የካቢኔ ጸሐፊ፣ ሌላው የፓርላማ አፈ ጉባኤ ሆኑ። ለሌሎች ደግሞ 50 ዋና አስተዳዳሪ ጸሐፊዎች የሚባሉ ሹመቶች ተዘጋጁ፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2023 ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ ሰረዛቸው። ነገሩን በግልጽ የተናገሩት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪጋቲ ጋቻጓ ነበሩ፤ መንግሥትን ከአክሲዮን ኩባንያ ጋር አመሳስለው ድምፅ የሰጠ እንደ አክሲዮኑ ይወስዳል አሉ። የእሳቸው የ7.3 ቢሊዮን ሽልንግ የሙስና ክስ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር በዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶላቸው ነበር። በኦክቶበር 2024 ከሩቶ ጋር ሲጣሉ እንደራሴዎቹ 282 ለ44 በሆነ ድምፅ ከሰሷቸው፣ ሴኔቱም ከሥልጣን አነሣቸው፤ ከክሶቹ መካከል ያ የአክሲዮን ንግግር አንዱ ነበር። ያለአግባብ ሀብት አካብተዋል የሚለውም በክሱ ውስጥ ነበር። ሰውየውን ያወረዳቸው ግን ሙስና ነው ብሎ የሚያምን ኬንያዊ ማግኘት ይከብዳል። ጥላው ስለተነሣባቸው ወደቁ።

የ2024ቱ የወጣቶች አመፅ ይህን ሁሉ ከሥሩ ለማየት የደፈረ ነበር። መሪ አልነበረውም፣ ጎሣ አልነበረውም፣ ስለዚህ የሚገዛም አልነበረውም። የፋይናንስ ረቂቁ ዳቦ ላይ 16 በመቶ ታክስ ሊጥል ሞክሮ፣ ያ ቢሰረዝም ቁጣው አልበረደም፤ ጁን 25 ቀን ወጣቶቹ ፓርላማ ገቡ፤ ተተኮሰባቸው። የአገሪቱ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በዚያ የተቃውሞ ሰሞን ቢያንስ 60 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ሩቶ ረቂቁን ተዉት፤ ጁላይ 11 ቀን ካቢኔያቸውን በተኑ። ወጣቶቹ የጠየቁት ሌቦች እንዲወጡ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከተባረሩት በርካቶቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሱ፣ ከነሱም ጋር የኦዲንጋ ፓርቲ 4 ሰዎች ገቡ።

ከአራቱ የሁለቱን ያለፈ ሥራ ማየት ይበቃል። ኦፒዮ ዋንዳዪ የፓርላማው ተቃዋሚ መሪ ነበሩ፤ የኢነርጂ ሚኒስትር ሆኑ። ጆን ምባዲ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱም ለቦታው የማይመጥኑ ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን መርማሪ የነበረው ሰው አንድ ሌሊት አድሮ ተመርማሪ ሲሆን፣ ፓርቲውም በካቢኔ እየተቀመጠ በፓርላማ ተቃዋሚ ነኝ እያለ ሲቀጥል፣ ኦዲተሩ የሚጽፈውን ሪፖርት አንሥቶ የሚጮኸው ማነው?

የጉዳዩ አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ደርሷል። የሩቶ መንግሥት የቀድሞ ባላንጣውን ኦዲንጋን ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት በዕጩነት አቅርቦ በሙሉ ዲፕሎማሲው ደገፋቸው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 በኅብረቱ አዳራሽ ከብዙ ዙር ድምፅ በኋላ ያሸነፉት የጅቡቲው ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ ሆኑ። ኦዲንጋ ወደ ናይሮቢ ተመለሱ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማርች 7 ቀን፣ ከሩቶ ጋር ባለ 10 ነጥብ ስምምነት ፈረሙ። ሙስናን መዋጋትና የተቃውሞ ሰለባዎችን መካስ ከነጥቦቹ ውስጥ ነበሩ። ያው ሰው ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ሕንድ ውስጥ ለሕክምና እንደሄዱ ዐረፉ። ከ2002 ጀምሮ ከናርክ እስከ ባለ 10 ነጥቡ በጥምረቶቹ ሁሉ ውስጥ ወይ ፈራሚ ወይ ዒላማ ሆነው የኖሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ፓርቲያቸው ከመንግሥት ይውጣ ወይስ ይቆይ በሚል ለሁለት ተከፍሏል።

ታዲያ ኬንያ ውስጥ ሙስናን ማን አጋለጠ? ከላይ የተቆጠሩትን ጉዳዮች ሁሉ ብናይ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ከተካፋዮቹ ውጭ የቆመ ሰው። ሙንያኬይ ነበር፣ ጊቶንጎ ነበሩ። በ2024 የናይሮቢን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለ30 ዓመት ለሕንዱ አዳኒ ኩባንያ በ1.85 ቢሊዮን ዶላር ሊሰጥ የነበረውን ውል ያጋለጠው ፈረንሳይ የሚማረው ወጣት ኔልሰን አሜንያ ነው። ፍርድ ቤት ውሉን አገደ፣ የማረፊያው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ የኩባንያው ባለቤት በአሜሪካ በጉቦ በተከሰሱ ማግሥት፣ ኖቬምበር 21፣ ሩቶ ውሉን ማፍረሳቸውን ፓርላማ ላይ ሲናገሩ እንደራሴዎቹ ቆመው አጨበጨቡ። ለወራት ስለ ውሉ ከጠየቁት ከጥቂቶቹ በቀር ያጨበጨቡት እንደራሴዎች የት ነበሩ የሚለውን ጥያቄ ጭብጨባው አልመለሰውም። የናይሮቢ ካቶሊክ ሀገረ ስብከትም በዚያው ወር ሩቶ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የሰጡትን በሚሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ መልሷል፤ ፖለቲከኛ በየእሑዱ ገንዘብ ይዞ መቅደስ በሚገባበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከተካፋዮቹ ውጭ የሚቆም ሰውና ተቋም መኖሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ ወደ ደቡብ ሱዳን ዞር ማለት ይበቃል። እዚያም የሥልጣን መጋራት ስምምነት አለ፤ የ2018ቱ አዲስ አበባ ላይ ነው የተፈረመው፤ 5 ምክትል ፕሬዚዳንቶችን ፈጥሯል። ሳልቫ ኪር በ2012 ለ75 ያህል የቀድሞና የወቅቱ ባለሥልጣናት በጻፉት ደብዳቤ 4 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱን ገልጸው መልሱ ብለው ለምነዋል። በማርች 2025 ደግሞ አንደኛው ምክትላቸው ሪክ ማቻር በቁም እስር ዋሉ። ጁባ ሚኒስትር የሚሽር ፍርድ ቤት የለም፤ ውል የሚያስቆም ጋዜጣ የለም፤ ስለዚህ ተካፋዮቹ ሲጣሉ የሚዳኛቸው ጠመንጃ ነው። በኬንያ ጥምረት ሲፈርስ ሰዎቹ ፍርድ ቤትና ፓርላማ ይሄዳሉ። ይህን ያስቻለው የ2010 ሕገ መንግሥት ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የዚያኑ ሕገ መንግሥት የሥነ ምግባር ምዕራፍ ማንም ከቁም ነገር አለመቁጠሩ ነው። በትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የ2024 ዝርዝር ኬንያ ከ100 ያገኘችው 32 ነጥብ ብቻ ነበር።

በኦገስት 2025 ሩቶ የገዥውንና የኦዲንጋን ፓርቲ እንደራሴዎች አንድ አዳራሽ ሰብስበው፣ ገንዘብ ማሸሽን ለመከላከል በወጣው ሕግ ሰበብ አንዳንዶቻችሁ 10 ሚሊዮን ሽልንግ ተቀብላችኋል ሲሉ ወቀሱ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወቃሹም ተወቃሹም የአንድ መንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ ስም ግን አልተጠራም።

ቀጣዩ ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው። የፓርቲዎች ሕግ የጥምረት ፓርቲ ውል ከምርጫው ቢያንስ 4 ወር ቀድሞ ለመዝጋቢው ይግባ ስለሚል፣ ማን ምን እንደሚደርሰው እስከ ኤፕሪል 2027 መጀመሪያ ይፈረማል። ኬንያን የሚከታተል አንባቢ የድምፁን ቆጠራ ከመጠበቁ በፊት ያንን ውል ፈልጎ ቢያነብ ይበጀዋል።